«ልጁ ካካ ብሏል?»

ጋዜጠኝነት ስንማር ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት ብለን እንድንጠይቅ ተነግሮናል። እንጅባራ አራስ ልንጠይቅ ስንሄድ ግን ጥያቄያችን ሌላ ነው። «ወንድ ነው ሴት?» «ማንን መሰለ?» «ክርስትናው መቼ ነው?» «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን፣ ገንፎውን በልተን እንወጣለን። «ልጁ ካካ ብሏል?» የሚል የለም። ገንፎ እየተበላ እንዴት ተብሎ!

እኛ ግን ዛሬ ስለ ካካ ልናወራ ነው። የሚያፍር ይለፈን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጤነኛ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ በተወለደ በ24 ሰዓት፣ ቢዘገይ በ48 ሰዓት ውስጥ ጥቁር ዝልግልግ ካካ ይላል። ካላለ መመርመር አለበት። ከ5,000 ሕፃናት አንዱ ገደማ ፊንጢጣው በትክክል ሳይከፈት ይወለዳል። ሌላው ፊንጢጣው ክፍት ሆኖ የታችኛው አንጀቱ ነርቭ ይጎድለዋል። አንጀቱ መግፋት ስለማይችል ሆዱ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ይህ ችግር እ.ኤ.አ. በ1886 በገለጸው ዴንማርካዊ ሐኪም በሃራልድ ሂርሽስፕሩንግ ስም ይጠራል። ሦስተኛው ደግሞ የምግብ ቧንቧው ጨጓራው ጋ ሳይደርስ የተቋረጠ ነው። ምራቁ አረፋ ሆኖ ይወጣል፤ ሲጠባ ትን ይለዋል።

ይህን ሲያዩ የእኛ ሰዎች ምን ይላሉ? «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ።» «ትንሽ ቅቤ ይቅመስ።» የምግብ ቧንቧው ለተቋረጠ ልጅ የሚሰጥ ቅቤ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሲብስ ደግሞ «እናቱ ምን በድላ ይሆን?» ይባላል። እሷም እዚያው አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማለች።

በሰፈራችን እንዲህ ያለ ልጅ ተወልዶ ነበር። ጤና ተቋም ተወለደ፣ ተመዘነ፣ ተከተበ፣ ተጠቅልሎ ወደ ቤቱ ተሸኘ። ፊንጢጣ እንደሌለው ያዩት በሦስተኛው ቀን ሲያጥቡት አያቱ ናቸው። ሆዱ ተወጥሮ አረንጓዴ ያስታውክ ነበር። ባሕር ዳር ቢወሰድም አልተረፈም። ክርስትና ሳይነሳ ስለሞተ ድንኳን አልተጣለም። እናቱን «ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» አሏት።

የሚያንገበግበን ምርመራው ማሽን የማይፈልግ መሆኑ ነው። ጨርቁን ገልጦ ማየት ይበቃ ነበር። የምግብ ቧንቧውንም ቢሆን ቀጭን ለስላሳ ቱቦ በአፉ አስገብቶ ጨጓራው ጋ መድረሱን ማየት ብዙ ይናገራል።

ሕክምናውም አለ። ችግሩ ቀላል ከሆነ አንድ ቀዶ ሕክምና ሊበቃ ይችላል። ከባድ ከሆነ አንጀቱ መጀመሪያ በሆድ በኩል ይከፈታል፤ ከወራት በኋላ ፊንጢጣ ይሠራለታል፤ በመጨረሻ በሆዱ ያለው ይዘጋል። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበትን መንገድ አልቤርቶ ፔኛና ፒተር ደ ቭሪስ እ.ኤ.አ. በ1982 ለዓለም አቅርበዋል። ከእኛ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ባሕር ዳር ላይ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል አለ፤ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ አለ። በመካከሉ ያሉትን ወራት ግን እናት ናት የምትሸከማቸው። የሆድ ከረጢት ስታጣ ጨርቅ እያጠበች፣ እያሰጣች፣ የትራንስፖርት እየተበደረች።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ጥናት በ74 አገሮች 264 ሆስፒታሎችን አይቷል። በሆድ ዕቃ የተፈጥሮ ችግር ከታከሙት ሕፃናት በሀብታም አገሮች የሞቱት 5.6 በመቶ፣ በድሃ አገሮች 39.8 በመቶ ናቸው። ይህ ሆስፒታል የደረሱት ብቻ ነው። የሰፈራችን ልጅ ዓይነቶቹ፣ መንገድ ላይ የቀሩት፣ ቤት የቀሩት፣ እዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ አራስ ያለበት ቤት ስትገቡ አትፈሩ፣ ጠይቁ። አረንጓዴ ትውከት ካያችሁ «እስኪ ይንጋ» አትበሉ፤ ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት። እናትየዋ «በእኔ ኃጢአት ይሆን?» ብላ አንገቷን ከደፋች ደግሞ ይህን ንገሯት፦ ልጁ እንዲህ የሆነው ገና በማሕፀን፣ የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ገደማ አካሉ ሲሠራ ነው። እርግማንም ቅጣትም አይደለም። ያኔ ምናልባት እርጉዝ መሆኗንም በቅጡ አላወቀችም ነበር።