ከጦር ኃይሎች በብስክሌት፦ እግርዎን ከፔዳሉ ጋር ከማሰርዎ በፊት

ጦር ኃይሎችን በሥራ ቀን ብቻ የሚያውቅ ሰው እሑድ ማለዳ ቢያየው ሌላ ሰፈር የመጣ ይመስለዋል። ሰኞ ጠዋት ረዳቶች «አየር ጤና! ቤቴል! ዓለም ባንክ!» እያሉ የሚጣሩበት፣ ከቀለበት መንገዱ የሚወጣው መኪና ከታክሲው ጋር የሚጋፋበት፣ ከአያት የተነሳው ባቡር 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የመጨረሻ ተሳፋሪዎቹን የሚያራግፍበት ቦታ ነው። እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ግን አስፋልቱ ሰፊ ነው። ነጠላ ያጣፉ እናቶች ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀስ ብለው ያልፋሉ፤ ቱታ የለበሱ ወጣቶች ይሮጣሉ፤ ሁለት ሦስት ሆነው የሚወጡ ብስክሌተኞችም ይታያሉ።

ብስክሌተኞቹ ሲነሱ ልብ ብለው ካዳመጡ ከእግራቸው ሥር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማሉ። የጫማቸው ሶል ላይ በብሎን የታሰረችው ክሊት የምትባል ትንሽ ቁራጭ ፔዳሉን ስትነክስ ነው። ከዚያ በኋላ እግር አይንሸራተትም፤ ዳገት ላይ ጉልበት አይባክንም። ችግሩ መውረድ ሲፈልጉ ነው፤ እግርዎን ዝም ብለው ቢያነሱት አይለቅዎትም። ተረከዝዎን ወደ ውጭ መጠምዘዝ አለብዎት። ሚኒባስ ድንገት ፊትዎ በሚቆምበት ከተማ ይህንን ሳያውቁ መውጣት ቀልድ አይደለም።

ከጠፍር ወደ ክሊት

ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1956) ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ወደ ሜልቦርን ከሄዱት ስፖርተኞች መካከል እነ ገረመው ደንቦባ ያሉበት የብስክሌት ቡድን ይገኝ ነበር። በዚያ ዘመን ተወዳዳሪዎች እግራቸውን በብረት ቅንፍ ውስጥ አስገብተው በቆዳ ጠፍር ያስሩ ነበር። ለመውረድ ጎንበስ ብሎ ጠፍሩን በእጅ ማላላት ግድ ነው። የፈረንሳዩ ሉክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 የበረዶ ሸርተቴ ጫማ አያያዝን ወደ ብስክሌት አመጣው፤ በዓመቱ በርናር ኢኖ በዚሁ ፔዳል ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) ጽጋቡ ግርማይ በዚያው ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ጠፍሩ ከውድድር ዓለም ከጠፋ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር።

ዛሬ ይህ ጫማ የተወዳዳሪዎች ብቻ አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል መኪና የማይነዳባቸው እሑዶች፣ በቅርቡ ደግሞ በኮሪደር ልማት በታደሱ መንገዶች ላይ የተሠሩት የብስክሌት መስመሮች ብዙ ቤተሰብ ብስክሌት እንዲያስብ አድርገዋል። ታናሽ ወንድሜም ከነዚህ አንዱ ነው። ከቤቴል ተነስቶ በጦር ኃይሎች፣ በኮካ፣ በልደታ አድርጎ ሜክሲኮ ያለው መሥሪያ ቤቱ ለመመላለስ ያገለገለ ብስክሌት ከነጫማው ገዛ። በሦስተኛው ሳምንት የቀኝ ጉልበቱ ያመው ጀመር። ደረጃ ሲወርድ የግድግዳ ድጋፍ ፈለገ። እናታችን «ጉልበትህ ከሚሄድ ብስክሌቱ ይሂድ፣ ሽጠው» አለችው፤ እሱም ገዢ መፈለግ ጀምሮ ነበር።

መፍትሔው የመጣው እሑድ ጠዋት አብረውት ከሚነዱ አንድ የቀድሞ ተወዳዳሪ ነው። ጫማውን ገልብጠው አዩና «ይሄ እኮ ያንተ እግር አይደለም፤ የሸጠልህ ሰውዬ እግር ነው» አሉት። ወንድሜ ሲራመድ የቀኝ እግሩ ጣቶች ወደ ውጭ ያዘነብላሉ፤ ክሊቱ ግን እግሩን ቀጥ አድርጎ ይዞት ነበር። በደቂቃ 80 ጊዜ ፔዳል የሚያዞር ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ እያንዳንዱን ጉልበቱን 4,800 ጊዜ ያጥፋል። ትንሽዋ መዛነፍ ያን ያህል ጊዜ ስትደጋገም ሂሳቡን የሚከፍለው ጉልበት ነው። ክሊቱ ተፈትቶ ጥቂት ሲዞር ሕመሙ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተወው፤ ብስክሌቱም ሳይሸጥ ቀረ።

የራስዎን እግር ይፈልጉ

የሚያስፈልግዎ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ስድስት ማዕዘን መፍቻ፣ ትንሽ ግሪስ፣ ማርከርና ወረቀት ፕላስተር ነው። ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ሆናችሁ ብትሠሩት ይቀላል። አሮጌውን ክሊት ከመፍታትዎ በፊት ዙሪያውን በማርከር ያስምሩ፤ አዲሱ ካልተስማማዎት መመለሻ ይኖርዎታል።

መጀመሪያ የፊትና የኋላውን ያስተካክሉ። ጫማውን አጥልቀው በአውራ ጣትዎ ሥር ያለውን ጉብታ አጥንት በእጅዎ ይዳስሱና በፕላስተር ላይ ምልክት ያድርጉ፤ በትንሿ ጣት በኩልም እንዲሁ። የፔዳሉ ዘንግ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ማረፍ አለበት። ከተጠራጠሩ ከፊት ይልቅ ወደ ኋላ ያድርጉት፤ ወደ ጣት የቀረበ ክሊት ባትንና የተረከዝን ጅማት ያደክማል።

ቀጥሎ አቅጣጫውን ይመልከቱ። ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው እግርዎን ያንጠልጥሉት። ጣቶችዎ ወዴት ያዘነብላሉ? ወደ ውጭ ከሆነ የክሊቱ አፍንጫ በጥቂቱ ወደ አውራ ጣት በኩል ይዙር። ሁለቱ እግሮችዎ እኩል ካልሆኑ አይገረሙ፤ ሁለቱን ክሊቶች አንድ ዓይነት ለማድረግም አይድከሙ።

በመጨረሻ ወደ ጎን። ክሊቱን ወደ ጫማው ውስጠኛ ጎን ሲገፉት እግርዎ ከብስክሌቱ ይርቃል፤ ወደ ውጭ ሲገፉት ይቀርባል። ሲነዱ ጉልበትዎ ከእግርዎ በላይ በቀጥታ ሲወጣና ሲወርድ ካዩ ቦታውን አግኝተዋል።

ቀለሙ አያታልልዎት

ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛ ሰው ይህ ወሳኝ ነው። አንዳንድ ክሊቶች እግር ተይዞ ሳለም በጥቂቱ ግራ ቀኝ እንዲል ይፈቅዳሉ። በሺማኖ ባለ ሦስት ብሎን ክሊቶች ቀዩ ምንም አያንቀሳቅስም፣ ሰማያዊው 2 ዲግሪ፣ ቢጫው 6 ዲግሪ ይፈቅዳል። በሉክ ኪዮ ደግሞ ጥቁሩ የማይንቀሳቀስ፣ ግራጫው 4.5 ዲግሪ፣ ቀዩ 9 ዲግሪ ነው። በአንዱ «ቀይ» ማለት እስር ነው፤ በሌላው ነፃነት። የአንዱ ክሊትም በሌላው ፔዳል አይሠራም። ለጀማሪ እንቅስቃሴ የሚፈቅደው ይሻላል።

ለከተማ ግን ባለ ሁለት ብሎኑን ትንሽ ክሊት እመክርዎታለሁ። ሶሉ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሚቀመጥ ወርደው ብስክሌቱን እየገፉ ሲሻገሩ እንደ ሰው ያራምድዎታል። ባለ ሦስት ብሎኑ ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል። አንድ ጎኑ ክሊት፣ ሌላው ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ፔዳልም አለ፤ ሰኞ ጠዋት በጦር ኃይሎች ግርግር ውስጥ በጠፍጣፋው፣ መንገዱ ሲከፈት በክሊቱ ይነዳሉ።

ብሎኑ ከላላ አይወጡም

ብዙ ሰው የሚፈራው በጣም የጠበቀ ክሊት ነው። የላላው የባሰ ነው። ብሎኑ ሲላላ ተረከዝዎን ቢጠመዝዙም ክሊቱ ሶሉ ላይ ብቻውን ይሽከረከራል፤ ፔዳሉ ግን አይለቅም። ስለዚህ የብሎኑን ጥርስ ግሪስ ይቀቡ፤ ብሎኖቹን እያፈራረቁ ጥቂት በጥቂት ያጥብቁ፤ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ደግመው ይፈትሹ። በክረምት ጭቃ ክሊቱ ውስጥ ሲጠቀጠቅም መግባትና መውጣት ይከለክላል፤ ከመሳፈርዎ በፊት በእንጨት ጠርገው ያውጡት።

የፔዳሉ የመያዝ ኃይል የሚስተካከልበት ትንሽ ብሎን አለ። በጣም ወደላላው ያዙሩትና ከዚያ ይጀምሩ። ግድግዳ ተደግፈው ወይም የቤተሰብ ሰው ኮርቻውን ይዞልዎት በእያንዳንዱ እግር 30 ጊዜ ይግቡ፣ 30 ጊዜ ይውጡ። እዚህ አገር የምንነዳው በቀኝ ስለሆነ ሲቆሙ የቀኝ እግርዎን ማውጣት ይልመዱ፤ ሚዛን ቢስቱ የሚያዘነብሉት ወደ እግረኛው መንገድ እንጂ ወደ መኪናው አይሆንም። እግሩ የሚወጣው ደግሞ ብስክሌቱ ከቆመ በኋላ ሳይሆን ከመቆሙ በፊት ነው።

ልጅዎ «እኔም» ቢል በአንድ እጁ እየነዳ፣ ዞር ብሎ ኋላውን እያየ፣ ሳይንገዳገድ መቆም እስኪችል ጠፍጣፋ ፔዳል ይበቃዋል። የልጅ እግር ያድጋል፤ ጫማ በተለወጠ ቁጥርም መለኪያው እንደገና ይጀመራል።

ሰውነትዎ ሲነግርዎት ይስሙት

ጣቶችዎ ከደነዘዙ ወይም ካቃጠሉዎት ጫማው ጠብቦ እንደሆነ ይዩ፤ ካልሆነ ክሊቱን ወደ ኋላ ይሳቡ። ጉልበትዎን ከጎን ካመመዎት አቅጣጫውን ይፈትሹ። ከፊት ለፊት ካመመዎት መጀመሪያ ኮርቻዎ ዝቅ ብሎ እንደሆነ ይመልከቱ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፣ ያውም ከ2 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ይለውጡ፤ አለዚያ የትኛው እንደፈወስዎት አያውቁም። ሕመሙ ከሰነበተ ከመፍቻ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ለመጀመሪያ ሙከራ ከጦር ኃይሎች ተነስተው የባቡሩን መስመር ተከትለው በኮካና በልደታ እስከ ሜክሲኮ ይሂዱና ይመለሱ። በእሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ሳይሞላ ይሁን። መፍቻውን ኪስዎ ውስጥ መያዝዎን አይርሱ፤ እግርዎ የሚናገረው ቤት ውስጥ ሳይሆን መንገድ ላይ ነው።