የለመዱት ፊልም ሲቋረጥ

የብራና ጸሓፊ ቀለም ቢያልቅበት ከምጣድ ሥር ጥቀርሻ ፍቆ፥ ከሚያውቃቸው ቅጠሎችና ከተቈላ እህል ጋራ በጥብጦ፥ ጊዜውን ጠብቆ ሌላ ቀለም ያወጣል። ሥራው ያደክማል፤ ቢሆንም ዕውቀቱም ዕቃውም ከእርሱ ዘንድ ነው። የፎቶግራፍ አንሺ ኑሮ እንዲህ አይደለም። ፊልሙ የሚመጣለት ከሩቅ አገር ፋብሪካ በካርቶን ታሽጎ ነው። ሃያ ዓመት ያህል በአንድ ዓይነት ፊልም ሲሠራ ኖሮ፥ በየትኛው ብርሃን ስንት ሰኮንድ እንደሚበቃው፥ በየትኛው መድኀኒት ስንት ደቂቃ እንደሚታጠብ፥ የጥላው ዝርዝር እስከ የት ድረስ ሳይጠፋ እንደሚቈይ እንደ ዳዊት በቃሉ ካጠና በኋላ፥ ኩባንያው አንድ ቀን ያ ፊልም ከእንግዲህ እንደማይሠራ በአጭር ማስታወቂያ ቢያስታውቅ፥ ሰውየው ያጣው ዕቃውን ብቻ አይደለም። በእጁና በዓይኑ ያጠራቀመው ልማድ ሁሉ የሚያርፍበት ስፍራ ያጣል።

እንዲህ ያለው ነገር በዘመናችን ደጋግሞ ደርሷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) የአሜሪካው ኮዳክ ፕላስ-ኤክስ የተባለውን የቈየ ፊልሙን በ2011 አቋረጠ፤ እርሱም ራሱ በጃንዋሪ 2012 የኪሳራ ጥበቃ እስከ መጠየቅ ደረሰ። በዚያው በ2012 በክሮኤሽያ ኤፍኬ የተባለውን ጥቁርና ነጭ ፊልም ይሠራ የነበረው ፋብሪካ ሥራውን አቆመ። ከሁሉ ይልቅ ግን ብዙ ኀዘንና ብዙ ክርክር ያስነሣው በኤፕሪል 2018 ከጃፓን የመጣው ወሬ ነው፤ ፉጂፊልም ኒዮፓን 100 አክሮስ የተባለውን ፊልሙን እንደሚያቆምና ጥቅልሎቹን ለነጋዴዎች ማስረከቡ በዚያው ዓመት በኦክቶበር እንደሚያበቃ አስታወቀ። ምክንያቱም ሁለት ነበረ፤ ፈላጊው ማነሱና ለሥራው የሚያስፈልጉትን ጥሬ ዕቃዎች ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑ።

አክሮስ በግሪክኛ ከፍተኛ፥ ጫፍ ላይ ያለ ማለት ነው። ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው፥ ኩባንያው በ2016 ባወጣው ፊልም በማያስፈልገው ካሜራ ውስጥ ይህንኑ ስም ለአንድ የጥቁርና ነጭ መልክ ሰጥቶት ነበረ። እንግዲህ ከሁለት ዓመት በኋላ ፊልሙ ሊቀር ሲል፥ ስሙና አምሳያው በኤሌክትሪክ ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ ቀረ። አንዳንዶች ይህን እንደ ማጽናኛ ቈጠሩት፤ አብዛኞቹ ግን የሟች ፎቶግራፍ በግድግዳ ላይ እንደ መስቀል አድርገው ነው ያዩት።

ለመሆኑ ይህ ፊልም በምን ተወደደ? መልሱ በጨለማ ውስጥ ይገኛል። በፊልም ላይ የተቀባው ልባስ በጄላቲን ውስጥ የተበተኑ እጅግ ደቃቅ የብር ውሑድ ቅንጣቶች አሉት። ብርሃን አንዲቱን ቅንጣት ሲነካት ጥቂት የብር አተሞች በአንድነት ይሰበሰባሉ፤ ቍጥራቸው በቂ ሲሆን ምልክቱ ይጸናል፥ በመድኀኒትም ሲታጠብ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ብርሃኑ ደካማ ሲሆን ግን አንደኛው አተም ሁለተኛው ሳይደርስለት ይበተናል። ይህም በእርጥብ እንጨት ላይ ፍም አንድ በአንድ እንደ ማኖር ያለ ነው፤ ሁለተኛው ፍም ሳይመጣ የመጀመሪያው ይጠፋል። ስለዚህ በሌሊት ወይም በጧፍ ብርሃን ብቻ በሚታይ በአሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው የብርሃን መለኪያው የነገረውን ጊዜ ማመን አይችልም፤ ፊልሙ ይደክማልና ጊዜ መጨመር አለበት፤ ምን ያህል እንደሚጨምርም በየፊልሙ ይለያያል።

በዚህ በኩል አክሮስ ከጓደኞቹ ተለይቶ የሚታይ ነበረ። ፋብሪካው ራሱ ባወጣው መግለጫ መሠረት እስከ 120 ሰኮንድ ድረስ ምንም ጭማሪ አያስፈልገውም፤ ከዚያም በላይ እስከ 1000 ሰኮንድ ድረስ የሚጠይቀው የግማሽ ደረጃ ጭማሪ ብቻ ነው። ይህን ከሌሎቹ ጋራ ማስተያየት ይገባል። ኮዳክ ለቲ-ማክስ 100 ባወጣው መመሪያ መለኪያው 100 ሰኮንድ ሲል ፎቶግራፍ አንሺው 200 ሰኮንድ መጠበቅ አለበት። የእንግሊዙ ኢልፎርድ ለኤፍ.ፒ.4 ፕላስ በሰጠው ስሌት ደግሞ መለኪያው ሁለት ደቂቃ ያለው ወደ ሰባት ደቂቃ ይደርሳል።

አምስት ደቂቃ ምንድር ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ወደ ጨረቃ ይመልከት። ጨረቃ በሰማይ ላይ የራሷን ስፋት ያህል ለመሄድ የሚበቃት ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። በሰባት ደቂቃ ውስጥ ከስፋቷ ሦስት እጥፍ በላይ ትሄዳለች፤ በፊልሙም ላይ እንደ ተጐተተ ጨርቅ ሆና ትታያለች። በጧፍ ብርሃንም ፊት ለጸሎት የቆመ ሽማግሌ ሁለት ደቂቃ ያህል ሳይነቃነቅ ሊቆም ይችል ይሆናል፤ ሰባት ደቂቃ ግን ይተነፍሳል፥ ከመቋሚያው ወደ መቋሚያው ይዘነበላል፥ መልኩም ይጠፋል። እንግዲህ አክሮስ በቀረ ጊዜ የቀሩ ሥዕሎች ነበሩ ማለት ነው፤ በሌላ ፊልም የሚነሡ ሌሎች ሥዕሎች ቢኖሩም እነዚያኞቹ ሊነሡ አይችሉም።

አንድ ፋብሪካ ያቆመውን ሌላው ለምን እንዲሁ አይሠራውም የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ ቅን ጥያቄም ነው። የፊልም ልባስ የሚቀባው በድቅድቅ ጨለማ፥ ስፋቱ ከአንድ ሜትር በላይ በሆነ እጅግ ረጅም ፕላስቲክ ላይ ነው፤ መሣሪያው አንድ ጊዜ ከተነሣ የሚያወጣው እጅግ ብዙ ስለሆነ ለጥቂት ወዳጆች ተብሎ አይነሣም። ከዚህም በላይ የልባሱ ጠባይ ከጥሬ ዕቃው ይመጣል። ጄላቲን የሚወጣው ልክ እንደ ብራናችን ከእንስሳ ነው፤ ከከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ ይጣራል። በ1920ዎቹ ዓመታት የኮዳክ ሊቃውንት አንዱ ጄላቲን ፈጣን ፊልም፥ ሌላው ጄላቲን ዘገምተኛ ፊልም ማስገኘቱ ግራ አጋብቷቸው ነበረ። ሳሙኤል ሼፐርድ የተባለው ኬሚስት ነገሩን መርምሮ በ1925 ምክንያቱን ገለጠ፤ ጥቂት ድኝ ያለባቸው ውሑዶች ናቸው፤ ምንጫቸውም ከብቶቹ የበሉት እንደ ሰናፍጭ ያለ ተክል ነው። ላሚቱ በመስክ ላይ የጋጠችው ቅጠል በሩቅ ከተማ የሚነሣውን ፎቶግራፍ ይወስነው ነበረ ማለት ነው! ዛሬ ይህ ሁሉ ተለክቶ ይጨመራል፤ ነገር ግን ከብዙ ጥሬ ዕቃ አንዱ ከጠፋ ቀመሩን በወረቀት ላይ ማወቅ ብቻ አይበቃም።

ወሬው በተሰማ ጊዜ ብዙዎች መጀመሪያ ያደረጉት ወደ ሱቅ መሮጥና የተገኘውን ሁሉ ገዝቶ በማቀዝቀዣ መክተት ነው። ቅዝቃዜ የልባሱን እርጅና ያዘገየዋል፤ ዘገምተኛ ፊልምም ከፈጣኑ ይልቅ ይታገሣል። ቢሆንም ከሰማይና ከምድር የሚወጣው ደቃቅ ጨረር በረዶ አያግደውም፤ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ፊልሙን በቀስታ ያደበዝዘዋል። ከማቀዝቀዣ የወጣውም ጥቅል እሽጉ ሳይከፈት ሙቀቱ እስኪስተካከል ካልተጠበቀ ጤዛ ይይዘዋል። ይህ ሁሉ ግን ትንሹ ችግር ነው። ትልቁ ችግር በባለቤቱ ልብ ውስጥ ነው። ሃያ ሰፊ ጥቅል ያከማቸ ሰው፥ በእያንዳንዱ ጥቅል አሥራ ሁለት ባለ አራት ማዕዘን ሥዕል ሲታሰብ፥ የቀረው 240 ሥዕል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቈጥራል። ዱሮ ለሙከራ፥ ለጨዋታ፥ ወይም እንዲሁ ብርሃኑ ደስ ስላለው ያነሣ የነበረው አሁን ይገባል አይገባም እያለ ካሜራውን ያወርዳል። ለታላቅ ቀን የተቀመጠው ፊልም ታላቁ ቀን ሲመጣም አይወጣም፤ ከዚያ የሚበልጥ ቀን ይመጣ ይሆናልና። እውነቱን ለመናገር፥ ካከማቹት ይልቅ በቶሎ አንሥተው የጨረሱት የተሻለ አደረጉ።

ሌሎቹ ወደ ምትክ ፊልም ሄዱ። ይህ መንገድ ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ምስጋናም የለውም። አንድ ግድግዳ፥ አንድ ፊት፥ አንድ የመንገድ መብራት መርጦ በአዲሱ ፊልም ደጋግሞ ማንሣት፥ የሚታጠብበትን ደቂቃ አንድ በአንድ ማሳጠርና ማርዘም፥ ሁሉንም በደብተር መመዝገብ ያስፈልጋል። አክሮስ ለቀይ ብርሃን ያለው ስሜት ከብዙዎቹ ፊልሞች ያነሰ ስለሆነ የከንፈርና የቀላ ፊት መልክ ጠቆር ብሎ ይወጣበት ነበረ፤ ይህን የለመደ ዓይን በምትኩ ፊልም የተነሣ ፊት ሲያይ የገረጣ ይመስለዋል። አንዳንዶች አረንጓዴ መስተዋት በካሜራው ፊት አድርገው ሊያቀርቡት ሞከሩ። መስተዋቱ ግን ብርሃን ይቀንሳል፤ ብርሃን ሲቀንስም ጊዜው ይረዝማል፤ ወደ ሸሹት ችግር ይመለሳሉ።

ጥቂቶች ደግሞ ከፋብሪካ ጥገኝነት ፈጽሞ ለመውጣት ወደ ቀድሞው ዘመን ተመለሱ። የዚህ መንገድ ምሳሌ ለኢየሩሳሌም ነዋሪና ተሳላሚ ሩቅ አይደለም። በ19ኛው ምእት ዓመት በቅዱስ ያዕቆብ ገዳም ፎቶግራፍ ይሠሩና ያስተምሩ የነበሩት፥ በኋላም የአርመን ፓትርያርክ ሆነው በ1885 ያረፉት ኢሳይ ጋራቤድያን ናቸው፤ ከእርሳቸው የተማረው ጋራቤድ ክሪኮርያንም በከተማይቱ የፎቶግራፍ ቤት ከፍቶ ነበረ። በዚያ ዘመን የሚሠራበት፥ እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር በ1851 የገለጠው የእርጥብ መስተዋት ዘዴ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ራሱ ኮሎድዮን የተባለውን ፈሳሽ በመስተዋት ላይ ያፈሳል፥ በብር ጨው ውሃ ይነክረዋል፥ ሳይደርቅ ያነሣበታል፥ ሳይደርቅም ያጥበዋል። ማንም ኩባንያ በማስታወቂያ ሊያቋርጥበት አይችልም። ነገር ግን ያ ልባስ ቀይን ፈጽሞ አያይም፤ ፈሳሹ በኤተር የተሠራ ስለሆነ በቀላሉ እሳት ይይዛል፤ ለሌሊት ሥራማ አይታሰብም። ዛሬ ይህን ዘዴ የያዙት ደስ ብሏቸው ይሠራሉ፤ የሚያወጡት ሥዕልም ያማረ ነው፤ የአክሮስን ቦታ ግን አልሞላም።

በጁን 2019 ነገሩ ተለወጠ። ያው ኩባንያ የጠፉትን ጥሬ ዕቃዎች በሌሎች ተክቶና አሠራሩን መርምሮ አክሮስ ሁለተኛውን እንደሚያወጣ አስታወቀ፤ በኖቬምበርም በጃፓን መሸጥ ጀመረ። ደስታው ታላቅ ነበረ፤ በተለይ ፈላጊዎቹ ድምፃቸው እንደ ተሰማ ተረዱ። ዳሩ ግን ሣጥኑን አገላብጠው ሲያነቡ የተሠራበት አገር እንግሊዝ መሆኑ ተጽፎ አገኙት። ወዲያውም ጥርጥር ተነሣ። ስሙ ያው፥ ፍጥነቱ ያው፥ 120 ሰኮንድ የሚለውም መግለጫ ያው ነው፤ ግን እርሱ ነውን? ዋጋውም ቀላል አልነበረም።

ይህን ጥያቄ በክርክር የፈታው የለም። ልባም የሆነው ፎቶግራፍ አንሺ ከማቀዝቀዣው ከቀሩት አሮጌ ጥቅልሎች አንዱን ያወጣል፥ አዲሱንም ይገዛል። በአንድ ሌሊት፥ በአንድ ካሜራ፥ ከአንድ መቆሚያ ላይ፥ ያንኑ መብራትና ያንኑ ግድግዳ በሁለቱም ያነሣል፤ በአንድ ዕቃ፥ በአንድ መድኀኒት ያጥባቸዋል። ሲደርቁ በብርሃን ገበታ ላይ ጎን ለጎን አድርጎ በማጕሊያ መስተዋት ይመረምራል። በጥላው ውስጥ የድንጋዩ ስንጥቅ በሁለቱም ላይ ይታያል። አሮጌው በዕድሜው ምክንያት ጥቂት ደብዝዟል፤ ስለዚህ ልዩነት ቢያይ እንኳ ከፋብሪካው ይሁን ከበረዶው በርግጥ አይለየውም። ደብተሩን ገልጦ ከዱሮው ቍጥር አጠገብ አዲሱን ይጽፋል፤ ዱሮውን ግን አይሰርዘውም፤ በማቀዝቀዣው ውስጥ ገና አራት ጥቅል አለና።