ጅማ ላይ ውሃ በስንት ይፈላል?

ነገሩ የሆነው በ1986 ዓ.ም. ነው። ጅማ ውስጥ ከነበሩት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንደኛው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በዚያን ጊዜ የሳይንስ ጥያቄና መልስ ውድድር ለእኛ ከኳስ ጨዋታ አያንስም ነበር። ሦስት ሦስት ሆኖ ከሕዝብ ፊት ጠረጴዛ ይዞ መቀመጥ፣ የጥያቄ ቁጥር ከፖስታ ማውጣት፣ ደወሉ ሳይደወል ቀድሞ መመለስ፣ ከዚያ ጭብጨባው! በማግስቱ ሰልፍ ላይ ስም ሲጠራማ፣ እስቲ ተውት፤ ያልደረሰበት አያውቀውም።

ከሳይንስ ክበቡ የተመረጥነው ሦስት ልጆች ነበርን። አንደኛው የአጋሮ ልጅ ነው፤ አባቱ ባለ ቡና ናቸው፣ እሱ ጅማ አክስቱ ቤት ተቀምጦ ይማራል። ሁለተኛዋ እናቷ መናኸሪያው አጠገብ ቡና እያፈሉ የሚያሳድጓት ልጅ ናት። ሦስተኛው እኔ፣ የቡድኑ መሪ። መሪ ያደረገኝ እውቀቴ እንዳይመስላችሁ። ድምፄ ጎላ ያለ ነበር፤ መጽሐፉንም በቃሌ እወጣው ነበር። የሁለቱን ስም አልጠራም። ዛሬ የልጆች ወላጆች ናቸው፤ ታሪኩም ከእነሱ ይልቅ የእኔ ጥፋት ታሪክ ነው።

ውድድሩ ሁለት ክፍል ነበረው። አንዱ ጥያቄና መልስ ሲሆን ሌላው ቡድኑ ራሱ የሠራውን ቀላል ሙከራ በጽሑፍ ማቅረብ ነበር። እኛ ከሁሉ የቀለለውን መረጥን። ውሃ ጥደን በየደቂቃው ሙቀቱን መለካትና በግራፍ ማሳየት። በመጽሐፉ ላይ መስመሩ ሽቅብ ይወጣና 100 ላይ ሲደርስ ጋደም ይላል። እኛም ያንኑ ልንደግም ነው።

የቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ቁልፍ በስንት ልመና መጣ። አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ቢከር፣ አንድ የላምባ ምድጃ አገኘን። ውሃው ሞቀ፣ ተንተከተከ፣ ተንፈቀፈቀ። ቴርሞሜትሩ 94 ላይ ቆመ። ጠበቅን። እሳቱን ከፍ አደረግን። አሁንም 94። ውሃ ቀይረን ደገምን፤ 94። በማግስቱ እንደገና ሞከርን፤ ያው ነው።

አስተማሪያችን ደግ ሰው ነበሩ። ቴርሞሜትሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው አገላብጠው አዩትና «አርጅቷል፤ ስንት ዘመኑ መሰላችሁ!» አሉ። «100 ብላችሁ ጻፉ።»

ጻፍኩ። መስመሩን 100 ላይ አስተኛሁት። ከመካከል ያሉት ነጥቦች ከመስመሩ ጋር አልገጥም ሲሉኝ አንድ በአንድ ገፋ ገፋ አደረግኋቸው። የአጋሮው ልጅ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ለካስ ከአንድ ቡና ቤት ማቀዝቀዣ በረዶ ለምና አምጥታ፣ ቴርሞሜትሩን በሚቀልጠው በረዶ ውስጥ ነክራው ኖሯል።

«ካረጀ፣ በረዶው ውስጥ ልክ ዜሮ ላይ ለምን ቆመ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። መልስ ያጣ መሪ የሚለውን አልኳት፤ «ነገር አታብዢ!»

የፍጻሜው ውድድር አጋሮ ላይ ነበር። ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጅማ ወጥተን ብዙም ሳንሄድ በመልኮ የቡና ምርምር ጣቢያ በኩል ስናልፍ የአጋሮው ልጅ ወሬ ጀመረ። የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። አረንጓዴውን ፍሬ ያጠቁረዋል፤ ያረግፈዋል። የስንቱን ባለ ቡና ቤት እንዳናጋ አባቱ አጫውተውታል። ተመራማሪዎቹም በየጫካውና በየገበሬው ማሳ ዞሩ። ጎረቤቱ ሁሉ ሲጠቁር ጤነኛ ሆኖ የቆመውን ዛፍ እየፈለጉ ዘር ወሰዱ፤ ችግኙንም ፈተኑ። «74110 የሚባለው ቡና ስሙ ከዚያ የመጣ ነው፤» አለን። «ሰባ አራቱ የተመረጠበት የፈረንጆች ዓመት ነው።» እኔ ለጥያቄ ይመጣ ይሆናል ብዬ ቁጥሩን በቃሌ ያዝኩ። ሰዎቹ ዛፉን ቆመው ማየታቸው፣ ያዩትንም ማመናቸው፣ ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም።

አጋሮ ቀድመን ደረስንና አንዲት ቡና ቤት ገባን። ባለቤቲቱ ጀበናውን ጥደው ውሃው ሲንተከተክ፣ ያቺ ጓደኛችን ከቦርሳዋ ያንን ቴርሞሜትር አወጣች። ደብቃ ይዛው መጥታለች። እትዬን አስፈቅዳ፣ ቡናው ሳይጨመር፣ በጀበናው አንገት ወደ ውስጥ ላከችው።

«ኢጆሌ፣ ምነው ጀበናዬ ታሟል እንዴ?» አሉ እትዬ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

እሷ ግን ዓይኗን አልነቀለችም። ከ94 መስመር አልፎ 95ን ሊነካ ደርሷል። «አጋሮ ከጅማ ዝቅ ትላለች አይደል?» ብላ ጠየቀች። «ዝቅም ትላለች፣ ሞቅም ትላለች» አላት ልጁ። በእስክሪብቶ መዳፏ ላይ ጻፈችው። እኔ ሰዓት አየሁ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ከተጋጣሚዎቻችን ጋር እኩል ለእኩል ሄድንና አንዲት ጥያቄ ቀረች። ተራው የእኛ ነው። አንባቢው ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ በእንግሊዝኛ አነበበ፤ በአማርኛ ደገመ። «ውሃ በስንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል?»

ሠላሳ ሰከንድ አለን። እሷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «የት? በላቸው» አለችኝ። «የት ብለህ ጠይቃቸው።» መዳፏን ከጠረጴዛው በታች ከፍታ አሳየችኝ።

አየሁት። የመልስ ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈም አውቃለሁ። ማይክራፎኑን ወደ እኔ ሳብኩና «መቶ!» አልኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ለእያንዳንዳችን አንዳንድ መዝገበ ቃላት ተሸለምን። ወደ ጅማ ስንመለስ እሷ በመስኮት በኩል ተቀምጣ ቡናውን ስታይ መጣች። አንድም ቃል አልወጣትም። መዝገበ ቃላቷን በኋላ አንድ ታናሽ ተማሪ እጅ ላይ አየሁት።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በመጀመሪያው ዓመት የፊዚክስ ትምህርት ላይ ነገሩ ዱብ አለብኝ። ውሃ የሚፈላው ከውስጡ የሚወጣው የእንፋሎት ግፊት ከላይ ከተጫነው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። ከፍ ባልን ቁጥር በላያችን ያለው አየር ይሳሳል፤ ውሃውም በትንሽ ሙቀት ይፈላል። ሦስት መቶ ሜትር ያህል ከፍ ሲሉ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1780 ሜትር ያህል ናትና ውሃዋ የሚፈላው በ94 ግድም ነው። አዲስ አበባ 92 ግድም ነው። ከባሕር ጠለል በታች ባለው ዳሎል ደግሞ ከመቶ ጥቂት ያልፋል። መቶ የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው። የእኛ ቴርሞሜትር ጤነኛ ነበር።

ይህን ያወቅን የመጀመሪያዎቹ ደግሞ እኛ አይደለንም። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1835 የአንዲስ ተራሮችን ሲያቋርጥ ድንቹ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ላይ አድሮ አልበስል ይላል። አብረውት የነበሩት ሰዎች በነጋታው ተማክረው ጥፋቱን በድስቱ ላይ አላከኩ። እኛ በቴርሞሜትሩ ላይ እንዳላከክነው መሆኑ ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን ተራራ የሚለኩ ተጓዦች የአንድን ቦታ ከፍታ የሚያውቁት ውሃ አፍልተው ሙቀቱን በማንበብ ነበር። ካርታችንን ከነደፉት አንዱ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843 እስከ እናርያ፣ የዛሬው ሊሙ ድረስ ዘልቋል። እንግዲህ ያቺ የቡና አፍይ ልጅ በአጋሮ ጀበና ያደረገችው፣ የአገር ከፍታ የሚለካበትን ሥራ ነበር። ማንም ሳያስተምራት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጅማ ላይ አገኘኋት። ከተማው ተለውጧል። የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱና የእርሻ ኮሌጁ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል። እሷ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆናለች። የሰው ደም ስታይ የምትውል ሴት ናት። ቡና ይዘን ተቀመጥንና ለዓመታት ያቃጠለኝን ይቅርታ ጠየቅኋት። ያኔ ሳይንሱን አላወቅሁም ነበር አልኩ።

ሲኒዋን አስቀመጠች። «እኔስ መች ዐወቅሁት?» አለችኝ። «ምክንያቱን አላውቅም ነበር። አንተ ግን ቁጥሩን አይተሃል። ባታይ ኖሮ ምንም አልልህም ነበር። አይተህ ነው መቶ ያልከው።» ከዚያ ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ።

እኔ ዛሬ አስተማሪ ነኝ። ዘንድሮ ለእንዲህ ያለ ውድድር ከዳኞች አንዱ ሆኜ ተጠራሁ። የጥያቄዎቹን ወረቀት ሳገላብጥ፣ እናንተዬ፣ ያችው ጥያቄ! ትሰረዝ አልኩ። «ቀላል ጥያቄም ያስፈልጋል» አሉኝ። እንግዲያው ቦታው ይጠቀስ አልኩ። ከብዙ ክርክር በኋላ «በባሕር ጠለል ላይ» የሚለው ተጨመረ።

ጥያቄው ተነበበ። አንደኛው ቡድን «መቶ» አለ፤ ትክክል። ተጨበጨበ። ቀጣዩ ጥያቄ ሊነበብ ሲል ከዚያው ቡድን ጥግ ላይ የተቀመጠ ቀጭን ልጅ እጁን አወጣ።

«እሺ፣ እኛ ጋስ?»

ሰዓት ያዡ ወደ እኔ ዞረ። ለዚህ የመልስ ወረቀቱ ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ ነጥብም የለውም። አጠገቤ የነበሩት ዳኛ ጠያቂዎቹ እኛ መሆናችንን በሹክሹክታ አስታወሱኝ። እኔ ግን ሰዓቱ ይቁም አልኩ። ለልጁ ቁጥሩን አልነገርኩትም። ከውድድሩ በኋላ እንዲጠብቀኝና ጓደኞቹንም ይዞ እንዲመጣ ነገርኩት። ከአዳራሹ ማዶ አንዲት ሴት ቡና ያፈላሉ፤ ቴርሞሜትር ደግሞ ከቦርሳዬ አይጠፋም።