ቀንበርና ትንፋሽ

ስለ ሰው ጤንነት ለመጻፍ የሐኪም ዕውቀት የለኝም። እኔ በመዝገብ ቤት ሥራ ያደግሁ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ትግርኛ ሲሆን አማርኛን የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ሆኖም በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት፣ ቱነይድባ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ሳለሁ ዮጋ ስለሚባለው የሕንድ አገር ልማድ ያገኘሁትን ለመናገር የግድ ሐኪም መሆን አያሻም ብዬ ደፈርሁ። አማርኛን ገና በመማር ላይ የምትገኙ ባልንጀሮቼም በዚሁ አጋጣሚ ሁለት ሦስት ቃላት ብታተርፉበት ደስታዬ ነው።

ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ በተጀመረ ጊዜ በሑመራ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ጊዜው ሰሊጥ የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሲሰማ ሕዝቡ ወደ ተከዜ ወረደ። አባቴ ከእኔ ጋራ ይኖር ነበር፤ ዕድሜውን በሞፈርና በቀንበር ያሳለፈ ገበሬ ነው፤ ጉልበቱ ግን ከከዳው ቈይቷል። ልሸከምህ ባልሁት ጊዜ፣ «እኔን ተሸክመህ ከወንዙ አትደርስም፤ ሂድ» አለኝ። ለጎረቤት አደራ ብዬ ሄድሁ። እነሆ ይህችን አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ብዙ ዘመን ፈጅቶብኛል።

ተከዜን ሱዳኖች ሰቲት ይሉታል፤ ተሻግረን ያረፍነው ሐምዳየት ላይ ነው። ከዚያ ከፊሉ ሕዝብ በ1977ቱ ረሃብ ዘመን የቀድሞ ስደተኞችን ወዳስተናገደው ወደ ኡም ራኩባ ተወሰደ፤ እኔና ሌሎች ብዙዎች ግን በዚያው በ2013 ዓ.ም. በክረምቱ ፊት፣ በበጋው መካከል አዲስ ወደ ተከፈተው ወደ ቱነይድባ ተጓዝን። ቱነይድባ ሜዳ ነው። መሬቱ በትግርኛ ዋልካ፣ በመሐል አገር መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ሲሆን በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ጫማ ይነጥቃል። ዝናቡ ሊገባ ሲል የተነሣው ዐውሎ ነፋስም ብዙ ድንኳን ገነጣጥሎ ሄደ።

በዚያ ድንኳን ውስጥ እንቅልፍ ከዐይኔ ጠፋ። ሌሊት ደረቴን አንዳች ነገር ይጫነኛል፤ አየር ያጠረኝ እየመሰለኝ ወደ ውጭ እወጣለሁ። ወደ ሕክምናው ድንኳን ብሄድ ሳንባዬ ጤነኛ መሆኑን ነገሩኝ። «አንተ ያልሞላህ አየር አይደለም፤ ያላስወጣኸው ነው» ያለችኝ በሰላሙ ጊዜ አስታማሚ የነበረች፣ እንደ እኔው የተሰደደች ሴት ናት። ሁላችንም እኅት እንላት ነበር። ይህች እኅት ጎሕ ሲቀድ በአንድ ዳስ ሥር ምንጣፍ አንጥፋ ሰዎችን ትሰበስብና ዮጋ ታስተምር ነበር።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ናቅሁት። የሚበላው ማሽላ ተሰፍሮ በሚሰጥበት ሰፈር እጅና እግር መዘርጋት የጠገበ ሰው ጨዋታ መስሎ ታየኝ። ሁለተኛም የሚሲዮን ልጅ ነኝና የባዕድ አምልኮ እንዳይሆን ሠጋሁ። ሌሊቱ ቢብስብኝ ግን በሦስተኛው ሳምንት ከኋላ ረድፍ ተቀመጥሁ።

ትምህርቷ ቀላል ነበር። መጀመሪያ እግርን መሬት ላይ አሳርፎ የመሬቱን ጠጣርነት ማስተዋል፤ ቀጥሎ እጅን ሆድ ላይ አድርጎ እስከ አራት እየቈጠሩ ወደ ውስጥ መሳብ፣ እስከ ስድስት እየቈጠሩ ማስወጣት። ጤናማ ጐልማሳ ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በዚህ ቈጠራ ግን ወደ ስድስት ይወርዳል። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት የልብ ምት አየር ሲገባ በጥቂቱ ይፈጥናል፣ ሲወጣ ይዘገያል፤ ስለዚህ መውጫው ሲረዝም ልብ ይረጋል። እኔ ደብዳቤና ሒሳብ በአማርኛ እሠራ ነበር፤ ትንፋሼን ግን ሳላስበው፣ ሓደ፣ ክልተ፣ ሰለስተ እያልሁ በእናቴ ቋንቋ ቈጠርሁ።

በመጀመሪያው ቀን ዐይኔን ብጨፍን ተከዜ ፊቴ ድቅን አለ። ብድግ ብዬ ልሄድ ስል እኅት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወንድሜ፣ ዐይንህን ክፈት፤ እዚህ የሚጨፍን የለም» አለችኝ። በኋላ እንደ ተረዳሁት ብዙ ያየ ሰው ዐይኑን ሲጨፍን ያየው ሁሉ ይመለስበታልና ገልጦ መሬቱን እያየ መተንፈስ ይሻለዋል። ይህን የማያውቅ መምህር ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። በግዕዝ ነፍስ፣ ነፋስና እስትንፋስ የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው፤ አማርኛ ትንፋሽ ይላል፣ ትግርኛ ትንፋስ። አማርኛ የራሱን አገባብ ጨምሮበታል፤ ሕፃን ክፉና ደጉን መለየት ሲጀምር ነፍስ አወቀ ይባላል፣ ወድቆ የነቃ ሰው ነፍስ ዘራ ይባላል፣ አንዳች ቃል ያልወጣው ደግሞ ትንፍሽ አላለም ይባላል። እኔ ስለ አባቴ በሰፈሩ ውስጥ ለማንም ትንፍሽ አላልሁም ነበር። ሲጠይቁኝም፣ «ከዘመድ ጋራ ነው» እያልሁ አልፋቸዋለሁ።

የአምልኮው ነገር የእኔ ሥጋት ብቻ አልነበረም። አንዳንድ እናቶች ልጆቻቸውን ከዳሱ ከለከሉ፤ እኅትንም ሃይማኖት ታስለውጣለች የሚል ሐሜት ተነሣባት። በመጨረሻ ነገሩ ከአንድ አረጋዊ ካህን ዘንድ ደረሰ። አቦይ ቀሺ እንላቸዋለን፤ አቦይ በትግርኛ አባቴ ማለት ነው። እርሳቸውም ዮጋ የሚለው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ጠየቁ። በሳንስክሪት ቋንቋ መጥመድ፣ ማጣመር፣ በአንድ ቀንበር ማዋል ማለት መሆኑን እኅት ተናገረች፤ የእንግሊዞች የቀንበር ስም እንኳ ከዚያው ሥር የወጣ ዘመዱ ነው። አቦይ ቀሺ ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና በሬ የሚጠመድበት የግዕዙ ጸመደ አይደለምን? አሉ። በእርግጥም በትግርኛ ጥማድ በሬ ጽምዲ ይባላል፤ ከዚያው ከጸመደ ደግሞ በጾምና በጸሎት ራስን ማትጋት ተጸምዶ ተብሏል። አባቶቻችንና የሕንድ ሊቃውንት ሳይተዋወቁ ከእርሻ መሣሪያ አንድ ዐይነት ቃል ለነፍስ መዋሳቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አቦይ ቀሺ ግን ሁሉን አልፈቀዱም። «ትንፋሻችሁን ቊጠሩ፤ የማታውቁትን ስም ግን አትጥሩ» አሉ። እኅትም በደስታ ተቀበለች። በሰሙነ ሕማማት እርሳቸውና አረጋውያኑ በዚያው በጥቁሩ መሬት ላይ ሲሰግዱ፣ ሲወድቁና ሲነሡ፣ ከእኅት ተማሪዎች ብዙዎቹ ከጎናቸው ነበሩ። ሁለቱ አንድ ናቸው አልልም፤ አንደኛው ለፈጣሪ የሚቀርብ ነው፣ ሌላው ራስን ማስታገሻ። ሰውነት ግን ሁለቱንም ያውቃቸዋል።

ዮጋን ለሰውነት ማጠንከሪያ ብቻ የሚሸጡት ሰዎች በሌላ በኩል ይሳሳታሉ። ፓታንጃሊ በሚባለው የጥንት ሊቅ ሥርዐት መንገዱ ስምንት ክፍል አለው፤ የመጀመሪያዎቹ አለመጉዳት፣ አለመዋሸት፣ አለመስረቅና የመሳሰሉት የጠባይ ሕጎች ናቸው፤ አካልን ማስተካከል ሦስተኛው፣ ትንፋሽን መግዛት አራተኛው ብቻ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ ወር 2007 ዓ.ም. ሰኔ 14 ቀን የዮጋ ቀን እንዲሆን የወሰነው በሕንድ ሐሳብ አቅራቢነት ነው። ለስደተኛ ግን ከበዓሉ ይልቅ በሰሜን ዩጋንዳ የተደረገው ምርመራ ይበልጣል። ዮጋ ሳይሆን ዘመድ ሊባል የሚችል ትምህርት ነው፤ እግርን መሬት ላይ ማሳረፍና ትንፋሽን ማስተዋል አለበት። በራይኖ ሰፈር 694 የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ሴቶች የተካፈሉበት ሲሆን፣ ትምህርቱን በቀረፀ ድምፅ የተከታተሉት ሴቶች ጭንቀታቸው ከሌሎቹ ይልቅ መቅለሉ በ2020 እ.ኤ.አ. ታተመ።

ይሁን እንጂ ትንፋሽ እንጀራ አይሆንም። አንድ ወር ስፍሩ ዘገየና ልጆች ሲያለቅሱ በዋሉበት ማግስት አንድ የውጭ አገር ጐብኚ ወደ ዳሱ መጥቶ በረጋ መንፈስ እንድንተነፍስ መከረን። በጣም ተቈጣሁ። እኅትም ተቈጣች፤ «የተራበን ሰው ተንፍስ ማለት አፍህን ዝጋ ማለት ነው» ብላ በዚያ ቀን ምንጣፉን ጠቅልላ ከእናቶቹ ጋራ ስፍሩን ልትጠይቅ ሄደች። ከዚያች ቀን ወዲህ ይበልጥ አመንኋት።

በማግሥቱ ጧት ስንተነፍስ አባቴ ታወሰኝ፤ የታወሰኝ ግን በወንዙ ዳር አልነበረም። ልጅ ሳለሁ ትልሙን ጨርሶ ሲዞር በሬዎቹን ያቆማቸውና እጁን በአንደኛው ጎን ላይ ያደርጋል። ለምን ቆምን ብዬ ስጠይቀው፣ «ትንፋሻቸው እስኪመለስ ነው፤ የደከመን በሬ የሚነዳ ሁለቱንም ያጣል» ይል ነበር። ይህን ለእኅት መንገር ጀመርሁና አፌ ሳይቆም የቀረውንም ነገርኋት፤ ለማንም ያላወጣሁትን፣ ሂድ ሲለኝ በልቤ ደስ ያለኝ መሆኑን ጭምር። እርሷ ምንም አልመለሰችም፤ እንባዬ እስኪያበቃ አብራኝ ተቀመጠች። ያን ሌሊት ተኛሁ። የጸጸቱ ነገር አልጠፋም፤ አሁንም አለ፤ ግን ደረቴ ላይ ቁጭ ማለቱን ትቶ ከጎኔ መሄድ ጀመረ።

የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመና ስልክ ከተከፈተ በኋላ፣ ጎረቤቶቻችን አባቴን በጋሪ ይዘውት ወጥተው ሽሬ ማድረሳቸውን ሰማሁ። ቁጥር ተፈልጎ ተገኘ። በቱነይድባ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ቆሜ ደወልሁ። ተነሣ፤ ነገር ግን ቃል አልተሰማም። ከድምፁ በፊት የሰማሁት ትንፋሹን ነው፤ ከባድ፣ ቀስ ያለ፣ የማውቀው። እኔም አልተናገርሁም። አራት ስቤ ስድስት አስወጣሁ። ከዚያም፣ «ወደይ፣ በሊዕካዶ?» አለኝ፤ ልጄ፣ በልተሃል ወይ? ማለት ነው።