ነሰብና የደጃችን ውሻ



ልጆቻችሁ መድረሳ ገብተው የሚሸመድዱትን የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) የዘር ሐረግ ታውቁታላችሁ። ከአባታቸው ከዐብደላህ ተነስቶ፣ በዐብዱልሙጦሊብ አልፎ፣ እስከ ዐድናን ይዘልቃል። ዑለሞቻችንም የዘርን መጠበቅ ሸሪዓ ከሚጠብቃቸው አምስት ዐበይት ጉዳዮች አንዱ አድርገው ቆጥረውታል። ይህን ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የአውሬ ነሰብስ የሚለውን ጥያቄ ግን ያመጣብኝ የባሌው ቀይ ቀበሮ ነው።

ቀይ ቀበሮ ከሀገራችን ደጋ ተራሮች ውጭ በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ለአቅመ ዘር የደረሱት 500 አይሞሉም፤ ከእነርሱም ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ የሚያልፈውን የወይብን ወንዝ ያያችሁ ካላችሁ፣ ውኃው የሚወርደው ከዚሁ ከቀበሮው አገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 ጎተሊ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር የዚህን እንስሳ ዘር መርምራ ውጤቱን አሳተመች። በእያንዳንዱ ሕያው ፍጡር ሰውነት ውስጥ እንደ ፊደል የተደረደረ የዘር ምልክት አለ፤ ባለሙያዎቹ ዲ.ኤን.ኤ. ይሉታል። አብዛኛው ከአባትም ከእናትም ይወረሳል። ጥቂቱ ክፍል ግን ከእናት ብቻ የሚተላለፍ ነው። ተመራማሪዎቹ ሁለቱንም አመሳከሩ። በመጀመሪያ የታወቀው፣ ቀይ ቀበሮ ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ ሥጋ ዝምድናው ከተኩላ ጋር መሆኑ ነው። (አባቶቻችን ያወጡለትን ስም እኔ ለመለወጥ አልደፍርም።) ሁለተኛው ግኝት ግን ከበድ ይላል። በወይብ ሸለቆ መልካቸው ለየት ባሉ አንዳንድ ቀበሮዎች ላይ የውሻ ዘር ተገኘባቸው። ከእናት የሚወረሰው ምልክታቸው የቀበሮ ነው፤ በሌላው ምልክታቸው ግን ውሻ ገብቶበታል። እናታቸው ቀበሮ፣ አባታቸው የመንደር ውሻ ነበር ማለት ነው። ሱብሓነላህ! ምስክር በሌለበት ተራራ ላይ የሆነውን ደም መሰከረ። ከዚያ ከፍ ብሎ ባለው በሳነቴ ሜዳ፣ ውሻ በማይበዛበት፣ ዲቃላ አልተገኘም።

እንግዲህ ያ ውሻ የማን ነው?

በዚያ አካባቢ ከብት አርቢው አብዛኛው ሙስሊም ነው። ውሻ የሚያኖረውም ከብቱን ከጅብ ለማስጠበቅ ነው፤ ይህም በሸሪዓችን የተፈቀደ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ምራቁ ነጃሳ ስለሆነ ውሻ እቤት አይገባም፣ ዕቃ ከላሰ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ቅር የሚለኝ ብዙዎቻችን ከዚህ ፍርድ ያልተባለ ነገር መጨመራችን ነው። ነጃሳ ነውና አይነካም፣ አይነካምና አይታሰርም፣ አይታሰርምና ለክትባትም አይወሰድም እንላለን። ቀን ሙሉ በረሃብ ሲንከራተት ይውላል፣ ሌሊት ከብት ይጠብቅልናል። ምግቡን ፍለጋ ተራራ ሲወጣ ደግሞ ከቀበሮዋ ጋር ይገናኛል። ለተጠማ ውሻ በጫማው ውኃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው ምሕረት ማግኘቱን በየመስጂዱ እንተርካለን። የዋሻው ሰዎች ውሻም በአል-ከህፍ ሱራ ከነርሱ ጋር ተወስቷል። ነጃሳነቱ መታጠብን አዘዘን እንጂ አማናውን ከጫንቃችን አላወረደም።

ውሻው ወደ ተራራው የሚያወጣው ዘሩን ብቻ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ እንደገናም በ2003 እና 2004 የወይብን ቀበሮዎች አብዛኛውን ፈጅቷል። በሁለተኛው ጊዜ ባለሙያዎች በሸለቆዎቹ መገናኛ ያሉትን ቀበሮዎች እየያዙ ስለከተቡ በሽታው ወደ ሌሎቹ መንጋዎች እንዳይሻገር ረዳ። ቁጥሩ እንዲህ ባነሰ ዘር ውስጥ ደግሞ አንድ ቤተሰብ ሲጠፋ ይዞት የነበረው የዘር ልዩነት አብሮት ይሄዳል፤ ሌላ ቦታ ቅጂ የለውም።

ይኸው በሽታ እኛንም አይምርም። ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞት የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ልጃችሁን ውሻ ከነከሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ አድርሱት። ሩቅያውም ዱዓውም በመንገድ ላይ ይደርሳል።

ከእ.ኤ.አ. 2018 ወዲህ ለቀበሮዎቹ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ ደብቆ ማጉረስ ተጀምሯል። ቀዝቃዛ ተራራ ለተራራ እየዞሩ፣ አንዱ ቀበሮ ሥጋውን ይቅመስ አይቅመስ እየተጠባበቁ የሚሠራ አድካሚ ሥራ ነው። የእኛው ውሻ ግን ደጃችን ላይ ተኝቷል። ከታች መንደር ከታቢዎቹ በመጡ ቀን አንገቱ ላይ ገመድ አስሮ የሚወስደው አንድ ልጅ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ልጁም ሲመለስ እጁን ይታጠባል።