የእንዶድ አረፋ

እናና፣ የእናቴ እናት፣ ከጎጃም መጥታ ሲ.ኤም.ሲ ከኛ ጋር መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆናት። የሰፈሩ ስም ዛሬም አፏ አይገባም። ቤቶቹን ከሠራው የኢጣልያ ግንበኞች ማኅበር ስም የመጣ አጭር አጠራር ነው ብዬ ላስረዳት ብሞክር፣ «አገሩ ስም አልነበረውም እንዴ?» ብላ ዘጋችኝ።

እናና ነጠላዋን በሳሙና አታጥብም። ካገር ቤት የሚመጣ ዘመድ ሁሉ ደረቅ የእንዶድ ፍሬ በጨርቅ ቋጥሮ ያመጣላታል። ሙቀጫዋን በረንዳ ላይ አድርጋ ስትወቅጥ የታች ቤት ጎረቤት ያጉረመርማል፤ እኔም አፍራለሁ። ባለፈው ጥር የክፍል ጓደኞቼ ለጥናት ሊመጡ ሲሉ ቋጠሮውን አንሥቼ ቆሻሻ መጣያ ከተትኩት። ማታ «እንዶዴን ያየ አለ?» አለች። ዝም አልኩ። አንባቢ ሆይ፣ ፍረድ።

በዚያው ሰሞን ለሴሚናር የደረሰኝ ርእስ «የአካባቢ ጤና ሳይንስ የምርምር ማዕከል አመራር» የሚል ነበር። በጀት፣ ኮሚቴ፣ ሪፖርት ብዬ አራት ገጽ ሞልቼ ልገላገል አሰብኩ። ምሳሌ የግድ ስለተባለ ብቻ የዶክተር አክሊሉ ለማን ተቋም ያዝኩ። እንዶዱ እዚያ ውስጥ ጠበቀኝ!

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ በጨረፍታ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ ቢልሃርዚያን ሊያጠና ዐድዋ ሄደ። የበሽታውን ትል የሚያሳድጉት የውሃ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኘ። ሕያዋኑን ሰብስቦ ካንዷ አጣቢ አረፋ አስጨመረባቸው፤ እነዚያም ሞቱ። ግኝቱ ይኸው ነው፤ የአንድ ወንዝ ዳር ነገር።

እኔን የያዘኝ የቀረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን አቋቁሞ ለአሥር ዓመት ያህል መራ። መምራት ማለት ታዲያ ምን ነበር? ኬሚስቱ መርዙን ከፍሬው ይለያል (ሌማቶክሲን ተባለ፣ በሱ ስም)። የእርሻ ባለሙያው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከየቦታው እንዶድ ሰብስቦ ብርቱውን ዘር፣ ዓይነት 44 የሚባለውን፣ ይመርጣል። ሌላው ዐድዋ ተቀምጦ ወንዙን ያክማል፤ ሌላው ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ በሕፃናት ሰገራ ውስጥ ዕንቁላል ይፈልጋል። ይህን ሁሉ፣ አንዱ ሳይሰለች፣ አንዱ ሳይኮርፍ፣ ባንድ ክር ማሰር ነው። አምስት ዓመት ፈጀ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ይህም አልበቃም። የደኅንነቱ ምርመራ በውጭ ላቦራቶሪ፣ በውጭው ደንብ ካልተደገመ ተባለና ዓመታት ነጎዱ። አክሊሉና ለገሠ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት የተካፈሉት በ1989 ነው። አክሊሉ በ1997 ዐረፈ፤ ተቋሙ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

አራት ገጹ አሥራ ሁለት ሆነ። በመጨረሻ የተቋሙን መዋቅር ልስል ተቀመጥኩ። ላይ ዲሬክተሩ፣ ከሥሩ ክፍሎቹ፣ ከነሱ ሥር ቴክኒሻኖቹ። አጣቢዎቹስ? ከታች ባደርጋቸው ውሸት ነው፤ ከዲሬክተሩ በላይ ባደርጋቸው መምህሩ ይስቅብኛል። ከሣጥኑ ውጭ፣ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጽፌ ተውኩት። ሰውየው ዶክትሬቱን ካሜሪካ ይዞ መጥቶ ወንዝ ዳር ሴት ጠየቀ። እኔ ዲግሪም ሳልይዝ እናናን አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

ቅዳሜ ማለዳ ላስቲክ ይዤ የካ ተራራ ወጣሁ። ባሕር ዛፍ፣ አሁንም ባሕር ዛፍ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ካንድ አጥር ላይ የተንጠለጠለ፣ አረንጓዴ ፍሬ ያንዠረገገ ሐረግ አገኘሁ። እጄ እየተቧጨረ ለቅሜ፣ ላብ በላብ ሆኜ ተመለስኩ።

እናና ላስቲኩን ፈታች። አንዷን ፍሬ በጣቷ ፈርጣ አሸተተች።

«ይኼ እንዶድ አይደለም።»

አሥራ ሁለት ገጽ የጻፍኩ ሰው ነኝ እንግዲህ!

«ቅጠሉን አታውቀውም?»

«አላውቀውም፣ እናና።»

«የጣልከውንስ ታውቀው ነበር?»

መልስ አልጠበቀችም። ዘንቢሏን ከምስማሩ አውርዳ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።