ብሩና ምስክሩ

አያቴ ገንዘብ ሲቀበሉ የማንንም ቃል አያምኑም ነበር። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ከገበያ ከወጣ ብዙ ጊዜ ያለፈው ቢሆንም፣ ጌጥ ለማሠራት ወይም ለመታሰቢያ ለማስቀመጥ የሚፈልገው ሰው ስለ ነበረ አልፎ አልፎ ይሸጥ ነበር። እንዲህ ያለ ብር በቀረበላቸው ጊዜ አያቴ በመጀመሪያ በመዳፋቸው ላይ አድርገው ክብደቱን ይገምታሉ፤ ቀጥለውም በንግሥቲቱ ራስና ትከሻ ላይ ያሉት የዕንቍ ፈርጦች አንድ በአንድ የሚለዩ መሆናቸውን በጣታቸው እየዳሰሱ ያረጋግጣሉ፤ በመጨረሻም ከጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ። ሻጩ «ንጹሕ ብር ነው፤ እኔ ምስክር!» ቢላቸው፣ «ሻጭ ለሸቀጡ ምስክር አይሆንም» ይሉት ነበር። ያን ጊዜ ይህን አነጋገር የእርጅና ጥርጣሬ አድርጌ እቆጥረው ነበር። ትርጕሙ የገባኝ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ከአገሬ ርቄ በዋሽንግተን አካባቢ ስኖር ነው።

በዚያ የቆዩ የኢትዮጵያ ገንዘቦችን መሰብሰብ ጀመርሁ። ሰብሳቢዎች ለአንድ የቆየ ገንዘብ የሚከፍሉት ዋጋ በዕድሜው ብቻ አይወሰንም፤ ምን ያህል እንደ ተፋቀና የመጀመሪያ ወዙን ይዞ እንደ ቆየም ይታያል። አሜሪካዊው ዊልያም ሼልደን እ.ኤ.አ. በ1949 ለአገሩ የጥንት የመዳብ ሳንቲሞች ከ1 እስከ 70 የሚደርስ የደረጃ መለኪያ አወጣ። መለኪያውም ኋላ ተሻሽሎ ለሌሎች ገንዘቦች ጭምር ዋለ። ከ60 ጀምሮ ያለው ደረጃ የሚሰጠው በገበያ ላልዞረ ገንዘብ ነው። ይሁን እንጂ በ64 እና በ65 መካከል ያለውን ልዩነት ልምድ የሌለው ዓይን አይለየውም፤ የዋጋው ልዩነት ግን አንዳንድ ጊዜ እጥፍ ይሆናል።

ሻጭ ከፍ አድርጎ፣ ገዢ ዝቅ አድርጎ መገመቱ የማይቀር ስለሆነ፣ ለሁለቱም ያልወገነ ገላጋይ አስፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 ሥራ የጀመሩት ሁለቱ ታላላቅ ድርጅቶች ገንዘቡን በባለሙያዎች እያስመረመሩ፣ ደረጃውን የሚገልጽ ወረቀት ጨምረው በጠራ የፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ ማሸግ ጀመሩ። ይህም ለሰብሳቢው ታላቅ ርዳታ ሆነ። ነገር ግን ገበያው ማቀፊያውን ማመን በጀመረ ጊዜ፣ አታላዩም ገንዘቡን ከማስመሰል ይልቅ ምስክሩን ማስመሰል እንደሚቀለው ተረዳ።

እኔም የተያዝሁት በዚህ ወጥመድ ነው። አንድ ቀን የገንዘብ ሰብሳቢዎች በሚገናኙበት ገበያ፣ በፓሪስ የተቀረጸ የ1889 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ አንድ ብር አየሁ። በአንድ ፊቱ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሌላው ሰንደቅ የያዘው አንበሳ አለበት። በማቀፊያው ላይ «65» የሚል ቍጥር በጉልህ ታትሟል፤ ብሩም እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል። የደረጃ ሰጪውን ድርጅት ስም ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ሆኖም ማኅተሙ ግርማ ስለ ነበረው ምንም ሳልጠይቅ ስድስት መቶ ዶላር ከፍዬ ገዛሁ። ከደስታዬም ብዛት ለአንድ ወጣት ወዳጄ አሳየሁት። እርሱ ሌሊት ሌሊት ታክሲ እየነዳ ለሴት ልጁ ትምህርት ገንዘብ የሚያጠራቅም ሰው ነበር። «ገንዘብህን በባንክ ከምታስቀምጥ በዚህ ብታስቀምጠው ይሻልሃል» አልሁት። ቃሌን አምኖ ከዚያው ሻጭ ሦስት ብሮች ገዛ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ብሩን ለአንድ አዛውንት ነጋዴ አሳየሁ። ሰውየው ቍጥሩን አላነበበም፤ ብሩን ከመብራት ሥር ይዞ ቀስ እያለ አዘነበለው። «ያልተነካ ብር ቢሆን ኖሮ ብርሃኑ በፊቱ ላይ እንደ መንኰራኵር ይዞር ነበር፤ ይህ ግን ከየትም ቢታይ ያው ነው» አለ። በማጉያ መነጽር ስመለከት፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጉንጭ እስከ ብሩ ዳር ድረስ ፀጕር የመሰሉ ቀጫጭን ጭረቶች ተጋድመው አየሁ። ብሩ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን በብዙ እጅ የዞረ፣ ኋላም ተፈግፍጎ የተወለወለ ነበር። ዋጋው ከመቶ ዶላር ብዙም እንደማያልፍ ነገረኝ። ከዚህ ይልቅ ያሳዘነኝ ቀጥሎ የሰማሁት ነው፤ ደረጃ ሰጪ የተባለው ድርጅት የሻጩ የራሱ ነበር። ሰውየው በአንድ እጁ ይሸጣል፤ በሌላው እጁ ይመሰክራል።

ወደ ሻጩ ሄጄ ገንዘቤን እንዲመልስልኝ ብጠይቀው፣ ከደረሰኙ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የታተመውን «ደረጃ አስተያየት ነው» የሚል ቃል አሳየኝ። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የአሜሪካ ሕግ አስመስሎ የተሠራ የቆየ ገንዘብ ቅጅ መሆኑ እንዲጻፍበት ያዛል፤ በ2014 የተደረገው ማሻሻያም የደረጃ ሰጪዎች የንግድ ምልክት ያለ ፈቃድ እንዳይሠራበት ይከላከላል። የእኔ ብር ግን ሐሰተኛ አልነበረም፤ በማቀፊያው ላይ ያለው ምልክትም ከሌላ ድርጅት የተሰረቀ አልነበረም። ሐሰት የነበረው ፍርዱ ብቻ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ለወዳጄ መንገሩ ነበር። ሳልናገር ብቆይ የሚያውቅብኝ እንደሌለ ልቤ ሹክ ይለኝ ነበር። በመጨረሻ ግን ቤቱ ሄጄ የሆነውን ሁሉ አጫወትሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ «ጋሼ፣ እኔ ብር መለየት አላውቅም፤ ያመንሁት እርስዎን ነው» አለኝ። ቢቈጣኝ ኖሮ በቀለለኝ። ሦስቱን ብሮች እርሱ በገዛበት ዋጋ ተቀብዬ፣ ገንዘቡን በየወሩ እየከፈልሁ በአንድ ዓመት ጨረስሁ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል። ሆኖም ሁሉን መጠርጠር ብቻውን ጥበብ አይሆንም፤ አስተውሎ መመርመር ያስፈልጋል። ከእንግዲህ አንድ ብር ከመግዛቴ በፊት ደረጃ ሰጪው ማን እንደሆነና ከሽያጩ የሚያገኘው ጥቅም መኖር አለመኖሩን እጠይቃለሁ። የታወቀ ድርጅት ስም ቢኖርበት እንኳ፣ የታወቁት ማቀፊያዎችም ተመስለው ስለሚሠሩ፣ በወረቀቱ ላይ ያለውን ቍጥር ከድርጅቱ መዝገብ ጋር አስተያያለሁ፤ በመዝገቡ ፎቶግራፍ ካለም ጭረቱንና ጠባሳውን ከብሩ ጋር አመሳክራለሁ። ተመሳሳይ ብሮች በጨረታ የተሸጡበትን ዋጋ እመለከታለሁ። ሻጩ ብሩን ሌላ ባለሙያ እንዲያየው ካልፈቀደና የመመለሻ ቀን በጽሑፍ ካልሰጠኝ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢማርከኝ ትቼው እሄዳለሁ።

ያ የምኒልክ ብር ዛሬ ከማቀፊያው ወጥቶ በጠረጴዛዬ ላይ ይገኛል። አንዳንድ ጊዜ እንደ አያቴ በመዳፌ አድርጌ ክብደቱን እገምታለሁ። ብሩ አልዋሸኝም፤ የዋሸኝ ምስክሩ ነው። ወዳጄን ያሳሳተው ግን ያ ማኅተም ብቻ አልነበረም፤ ሳልመረምር የተቀበልሁትን ቃል እንደ ራሴ ቃል አድርጌ ያቀበልሁት እኔም ሁለተኛው ሐሰተኛ ምስክር ነበርሁ።